አራተኛው ምሰሶ ለምን ጎበጠ

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጎብጧል። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቴም ጎብጧል።

በምሥራቅ በኩል ያለው አራተኛው ምሰሶ ነው። ሲባጎ ከአናቱ እስከ እግሩ ወጥሬ መሃሉ ላይ ማስመሪያ ስደግንበት ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት አገኘሁ። ከፋሲካ በፊት ታይፎይድ ሳይጥለኝ ለክቼው ነበር፤ ቁጥሩ በዚሁ ደብተር ላይ በገዛ እጄ ተጽፏል። ዜሮ። ሁለት ሳምንት ተኩል ቡራዩ እናቴ ቤት ተኝቼ ስመለስ ሁለት። ብረት በሁለት ሳምንት አያረጅም።

አንድ ቀን ይህ ደብተር ለማስረጃ ቢፈለግስ? ስለዚህ ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

የኦቦ ቶለሳ አዳራሽ ሱሉልታ ነው ያለው። ጣሪያው የተንጠለጠለ ነው። በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ቆመዋል። በመሃላቸው የብረት ገመድ ተዘርግቶ ቆርቆሮው እሱ ላይ ተኝቷል። ከየምሰሶው አናት ደግሞ ሌላ ገመድ ወደ ውጭ ወርዶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ኮንክሪት ጋር ታስሯል። ያንን ኮንክሪት እኛ ካስማ ነው የምንለው፣ ከድንኳን ወስደን። ጣሪያው ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ካስማው ወደ ውጭ ይጎትታል፣ ምሰሶው መሃል ቤት ሆኖ ቁልቁል ይጫናል። ረጅምና ቀጭን ነገር ቁልቁል ሲጫን ቀስ በቀስ አይደክምም። ይችላል፣ ይችላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይላል።

እሑድ እዚያ ሥር ሰርግ አለ። የኦቦ ቶለሳ ልጅ የለሊሴ ሰርግ ነው፤ አዳራሹም በዚያው ይመረቃል። አራት መቶ ወንበር ታዟል። ንድፉን የሠራሁትም፣ ሥራውን የምቆጣጠረውም እኔ ነኝ።

ፎርማኑ ማርቆስ “ከመጀመሪያውም እንደዛ ነበር ኢንጂነር” አለኝ። አልነበረም። ማርቆስ ከሆሳዕና የመጣ በያጅ ነው፣ ሳይጸልይ ኤሌክትሮድ የማያነሳ ሰው። ሲዋሽ ዛሬ ገና አየሁት። ዓይኑን ቱምቢው ላይ ተክሎ ነው የመለሰልኝ።

“እኔ ሳልኖር ምን ተሠራ?” አልኩት። “ሰላም ነው” አለ። ኦቦ ቶለሳን ጠየቅኳቸው። “ነጋዳ፣ ሰላም ነው ልጄ” አሉኝ። ዘበኛውም “ሰላም ነው” አለ። ስለ ሥራ የጠየቅኳቸው ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ! ይህ የተማከሩበት ነገር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጫንጮ በኩል ጠቁሮ መጣና በረዶ ጣለ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። የሽምብራ ፍሬ የሚያህል፣ ከዚያ የማይበልጥ። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሲሳሳቅ እኔ ኮፍያ ደፍቼ ውጭ ስለካ ነበር።

አራተኛው፦ አራት ተኩል።
አምስተኛው፦ ሁለት ተኩል።
ሦስተኛው፦ ሁለት።
የምዕራቦቹ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ስድስቱም።

ዝናብን አልፈራም። ዝናብ በጣሪያው መሃል ባለው አሸንዳ ይወርዳል። በረዶ ግን ተንሸራቶ መሃል ላይ ይከመራል፣ አሸንዳውን ይደፍናል፣ ከኋላው የሚመጣው ውሃም እላዩ ላይ ይተኛል። ያ ሁሉ ክብደት በደቂቃዎች ነው የሚያርፈው።

በረዶው ሲቀልጥ አራተኛው ወደ ሁለት ተመለሰ። መመለሱ ገና አልሞተም ማለት ነው። አራት ተኩል መድረሱ ደግሞ ጫፉ ላይ ነው ማለት ነው። የዛሬው በረዶ ትንሹ ነው፤ ሱሉልታ በግንቦት አካፋ የሚያስይዝ በረዶ እንደሚጥል እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

የምጠረጥራቸው፦
ቱቦውን የሸጡልን አቶ ጌታነህ፣ ሰበታ። ስስ ቱቦ ሰጥተውን ይሆናል።
ማርቆስ። አንድ ነገር አጥፍቶ ሸፍኗል።
ኦቦ ቶለሳ። ለሰርጉ ሲጣደፉ አንድ ነገር አስደርገዋል።
መሠረቱ። ግን መሠረቱ ቢሰምጥ ምሰሶው ይወርዳል እንጂ አይጎብጥም።
የራሴ ስሌት። ሦስቴ ሠርቼዋለሁ፤ ከዝርዝሩ ሰረዝኩት።

እናቴ ቁጥሮቹን ስነግራት “አንቺ ጠበል ሲረጩሽም ውሃው ከየት ተቀዳ ትያለሽ” አለችኝ። እላለሁ። ምን ችግር አለው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ከቡራዩ ሰበታ ሦስት ታክሲ። አቶ ጌታነህ ወርክሾፕ የደረስኩት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

መምጣቴን አልነገርኳቸውም፤ ሆን ብዬ ነው። የተነገረው ሰው ይዘጋጃል። ከእኛ ትእዛዝ የተቆረጡ ትርፍራፊ ቱቦዎች ጓሮ ተከምረው ስላየሁ ካሊፐሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። ስምንት ቁራጭ ለካሁ። ስምንቱም ባዘዝኩት ውፍረት ልክ። እንዲያውም ሁለቱ ትንሽ ወፈር ይላሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ሌባው እሳቸው ቢሆኑ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

አቶ ጌታነህ ቆመው አዩኝ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ የጎንደር ሰው ናቸው። “ኢንጂነር ሂሩት፣ ሚዛኔንም ልታዪው ነው? እዚያ ማዶ አለልሽ” አሉኝ። አፈርኩ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምሰሶ ጎብጦብኝ ነው” አልኳቸው። ሳቁን ተዉና ቁጭ አሉ።

“እኔም ልጠይቅሽ ነበር” አሉ። “ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ማርቆስ መጥቶ ለስድስት ገመድ የሚሆን ማያያዣ ወሰደ። ያለቀ ሕንፃ ምን ያደርግለታል ብዬ ገርሞኝ ነበር። አንቺ ያዘዝሽው መስሎኝ።”

እኔ አላዘዝኩም።

ስድስት። የምሥራቅ ምሰሶዎች ስድስት ናቸው። ታክሲ ውስጥ እስከ ዓለም ገና ድረስ ስድስት፣ ስድስት እያልኩ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ገላምጣኝ ቦርሳዋን አቀፈች። እኔንም የሚጠረጥር ሰው አለ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አገኘሁት። ሦስት ቀን ሙሉ አናት አናቱን ሳይ ነገሩ እግሬ ሥር ነበር።

ጠዋት ስልኬ ላይ በመጋቢት ያነሳሁትን ፎቶ አገኘሁ። ፎቶው ላይ በምሰሶውና ገመዱ መሬት በሚገባበት ቦታ መሃል አንድ አይሱዙ ቆሟል። ዛሬ እዚያው ቦታ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። አንድ እጄ ምሰሶው ላይ፣ ሌላው ገመዱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አይሱዙው ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ አዲስ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲህ አበባ ተተክሏል። አበባው ሥር በጫማዬ ጫር ጫር ሳደርግ አዲስ ኮንክሪት።

ካስማዎቹን ወደ ውስጥ አምጥተዋቸዋል! ስድስቱንም!

ድንኳን የተከለ ሁሉ ያውቀዋል። ካስማው ራቅ ካለ ገመዱ ዘና ብሎ ይይዛል። ከምሰሶው እግር ሥር ከተመታ ግን ያንኑ ጣሪያ ለመያዝ ገመዱ እጥፍ መጎተት አለበት፤ መጎተቱም ወደ ውጭ መሆኑ ይቀርና ቁልቁል ይሆናል። የሚጫነው ምሰሶው ነው።

ማርቆስን ጠራሁት። መሬቱን አሳየሁት። “ማን አዘዘህ?” ፊቱን አዞረ። ጮህኩበት፤ ሰው ፊት ነው የጮህኩበት፣ አሁን ሳስበው ደግ አላደረግኩም። በመጨረሻ “ያው ኮንክሪት ነው፣ ያው ገመድ ነው፣ ምንም የሚለወጥ አልመሰለኝም ኢንጂነር” አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። “ለምን እንደተነሳ ግን አልነግርሽም። ምያለሁ። አንቺ አልነበርሽም።”

አንቺ አልነበርሽም! ታምሜ በተኛሁ እንደ ጥፋት ቆጠረብኝ።

ኦቦ ቶለሳ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ካስማው ስጀምር እጃቸውን አነሱ። “ኢንጂነር፣ ጣሪያውን አጠንክሪ፣ የፈለግሽውን ብረት አመጣለሁ። ያንን ነገር ግን በፊቴ አታንሺ። አንቱ አትበይኝ፣ አንተ በይኝ፣ ስደቢኝ፤ እሱን ግን አታንሺ።” ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አየሁ። ምን የሚያስፈራ ነገር ነው የቀበሩት?

ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍኩ። “አዳራሹ ሰው ለማስገባት ብቁ አይደለም።” ፈርሜበታለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ እስከ ቀትር መልስ ካላገኘሁ አስገባዋለሁ፤ ሰርጉም ይቀራል። ለሊሴ ዛሬ በሩ ላይ አግኝታኝ የጥፍር ቀለሟን አሳይታኝ ነበር። 

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ቁርስ ላይ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ሌቦች ናቸው፣ ተባብረው ነው፣ አንድ ወንጀል አለ አልኳት። እንጀራዋን ቆርሳ አላመጠች፣ ዋጠች።

“እርቅ ነዋ” አለች።

“ምን?”

“ባለቤቱን፣ ሠራተኛውን፣ ዘበኛውን በአንድ ላይ ዝም የሚያሰኝ ምን አለ? ሌባ እኮ አንዱ ባንዱ ላይ ያሳብባል። የታረቀ ሰው ነው አፉን የሚይዝ። ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?”

የአጥሩ ማዶ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አምስት ወር እዚያ ቦታ ስመላለስ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

የአዴ ጫልቱ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አራት የወተት ላም ያላቸው አሮጊት። አጥሩን ዞሬ ስገባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፣ የሚጠብቁኝ ይመስል። “አካም ቡልቴ፣ ኮቱ፣ ታኢ” ብለው እንድቀመጥ በርጩማ ሰጡኝ፤ ቀጥለው በትልቅ ኩባያ ወተት። ጠጪ እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ከዚያ በቀጥታ ጠየቅኳቸው፦ ኦቦ ቶለሳ ለምን ካስማቸውን አነሱ?

“እኔ ብረትህን አንሳ አላልኩትም” አሉ። “ሳትጠይቀኝ መሬቴ ውስጥ ለምን ቀበርክ ነው ያልኩት። ተካረርን። ሽማግሌ ተቀመጠ። እሱም በሰው ፊት ከእንግዲህ ምስማሬ እንኳ አንቺ መሬት ላይ አያርፍም ብሎ ማለ። እኔም ማልኩ። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ነበር። ነገሩን መልሶ ያነሳ እርሙ ይሁን ተባለ። ታረቅን። አራራ ነው፣ እርቅ። ያለቀ ነገር አይነሳም።”

“እኔ ግን አልነበርኩም፤ አልማልኩም” አልኩ። ማርቆስ ምን ሊለኝ እንደፈለገ ያኔ ገባኝ። ሲሰድበኝ የመሰለኝ ሰውዬ መንገድ እያሳየኝ ነበር።

“አውቃለሁ። አሟት ተኝታለች ብለውኛል። ለዚህ እኮ ነው የጠበቅኩሽ።”

ንድፉን አሰብኩ። ወረቀቱን። መጀመሪያ ስስለው ኦቦ ቶለሳን “እስከየት ድረስ ነው መሬቱ?” ብያቸው “ምን ቸገረሽ፣ የኛው ነው” ሲሉኝ ጻፍኩ። አለቀ። የቱቦ ውፍረት በካሊፐር የምለካ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቀን የማነብ ሰው፣ የመሬት ነገር በአንድ ቃል አመንኩ። ካስማዎቹን እዚህች ሴትዮ መሬት ላይ መጀመሪያ የተከልኳቸው እኔ ነኝ።

“አዴ፣ በሳቸው ስም አይደለም የምጠይቅዎት” አልኳቸው። “ያንን ሥዕል የሳልኩት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ መሬትዎ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። አሁን ግን እየጠየቅኩዎት ነው።”

“ካልሆነስ?”

“እሑድ ትልቅ በረዶ ከጣለ ምሰሶው ይታጠፋል። አንዱ ሲታጠፍ ሸክሙ ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል፣ እነሱም ይከተሉታል። ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል።”

“እኔንስ ሰርጉ ላይ የት ነው የሚያስቀምጡኝ?”

“ጎረቤት በምሥራቅ በኩል ነው ተብሏል።”

ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፣ ሲስቁ ልጅ ይመስላሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። “ለሊሴን ከእናቷ ሆድ የተቀበልኳት በእነዚህ እጆቼ ነው” አሉ። ተነሱና ወደ ጎመኑ መደብ አመለከቱኝ። “አሮጌዎቹ ካስማዎች እዚያው ናቸው። ገመዱን ቆርጠው ትተውልኝ ሄዱ። እኔ መሬት ውስጥ የቀረ የኔ ነው። እኔ የራሴን ካስማ ለልጄ ሰርግ አውሳለሁ። እሱ መሐላውን አያፍርስ፣ ወዲህ አይምጣ። አንቺ ነይ። ጎመኔን እንዳትረግጡ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።”

በምስጋና ፈንታ ወተቱን ጨለጥኩት። ደብዳቤው ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልቀደድኩትም። ነገ ሥራው ካልሞላ ያስፈልገኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ግማሹ ሠራተኛ አልመጣም፤ እንደማይመጣም አውቄ ነበር። የመጡት የማርቆስ ጸሎት ቤት ልጆች ናቸው፣ ሰባት። እናቴ “በኪዳነ ምሕረት ቀን መሬት ልትቆፍሪ?” ብላ ተቆጥታኝ ነበር። “ሰው እንዳይሞት ነው እማ” ስላት “እንግዲያ እሷም ትቆፍርልሽ” አለችኝ።

ማርቆስን ገና ሳየው ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በጮህኩበት ሰዎች ፊት። “ጌታ ይባርክሽ ኢንጂነር” አለና አካፋ ሰጠኝ። ይህም ቅጣት መሆኑን ጠርጥሬ ቆፈርኩ።

ኦቦ ቶለሳ ሰንጋ ሊገዙ ጫንጮ ሄደዋል ተባለ። ሰንጋው ግን ከትናንት ጀምሮ ጓሮ ታስሮ ያገሳል።

መጀመሪያ ምሰሶዎቹን በባህር ዛፍ ደገፍናቸው፣ መሃል መሃላቸው ላይ። መሃሉ የተያዘ ምሰሶ አራት እጥፍ ይችላል። ከዚያ ጎመኑ መሃል ቆፍረን የመጀመሪያውን ካስማ አወጣነው፤ ቀለበቱ ዝጓል ግን ጤነኛ ነው። አጥሩን በስተን አዲስ ገመድ አሳለፍን። ከጋራዥ በተዋስነው የሞተር ማንሻ ፓራንኮ ሰንሰለቱን እየሳብን ገመዱን ወጠርነው። እሱ መያዙን ካረጋገጥን በኋላ ብቻ የቅርቡን ለቀቅነው። አንዱን ከጨረስን ወደ ሌላው። ስድስት ጊዜ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አዴ ጫልቱ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እግራችንን ሲያዩ ዋሉ። ሁለት የጎመን እግር ተረግጧል። አንዱ በእኔ ነው።

የሆነ ጊዜ ላይ ገመድ ሲለቀቅ “ጧ” አለና ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። ቆርቆሮ ነበር። ማርቆስ ተነስቶ መዝሙር ጀመረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተፈጸመ። ሦስተኛው ዜሮ። አምስተኛው ዜሮ። አራተኛው ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ቀረ። ብረቱ የጎበጠበትን አልረሳውም። ሁለቱን የባህር ዛፍ ድጋፎቹን አላነሳሁበትም፤ ዲኮር የሚሠሩት ልጆች በነጭ ጨርቅ እንጠቀልለዋለን አሉ። ይጠቅልሉት። ስሌቱን እንደገና ሠራሁ። ይይዛል። ይይዛል ይላል ወረቀቱ። ደብዳቤውን ቀደድኩት፣ ቁርጥራጩን ግን ኪሴ ውስጥ ያዝኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሲባጎና ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። እናቴን “ነይ” አላልኳትም። ለምን እንዳላልኳት እሷም ገብቷታል።

ለሊሴ አምራለች። ሙዚቃው ይጮሃል። ኦቦ ቶለሳ ሥጋውን በሳህን አድርገው ራሳቸው ይዘው ለአዴ ጫልቱ አቀረቡ። አዴም ተቀብለው እጃቸውን ሳሟቸው። ማንም ምንም አላነሳም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማዩን እጠብቅ ነበር። 

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እንደ ማክሰኞው አይደለም። መሬቱ በአምስት ደቂቃ ነጣ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ሙዚቃውን ዋጠው። ውጭ ወጣሁ፣ አራተኛው ምሰሶ ጋ፣ በቀሚሴ። ማርቆስ መጥቶ የሲባጎውን ጫፍ ያዘልኝ። ግማሽ። ጠበቅኩ። አንድ ሴንቲ። ጠበቅኩ። አንድ። ያው አንድ። ከላይ በረዶው እየተከመረ ነው። አራት መቶ ሰው ውስጥ ነው። አስወጪያቸው የሚል ነገር ውስጤ ይጮሃል፤ ወረቀቱ ደግሞ ይይዛል ይላል፤ እኔም ሁለቱንም አላምናቸውም።

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ወጡ። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ናቸው።

“እዚያ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?” አሉ፣ ከበረዶው በላይ እየጮሁ። “ካመንሽው ግቢ። ካላመንሽው አስወጪን። ውጭ ሆነሽ እኛን አትቁጠሪን።”

ማርቆስ አየኝ። እኔ ማስመሪያውን አየሁ። አንድ።

ገባሁ።  አዴ ጫልቱ አጠገባቸው ያለውን ወንበር አቀረቡልኝ፤ ልክ በአራተኛው ምሰሶ ትክክል ነው። ተቀመጥኩ። ማርቆስም ገብቶ ከኋላችን ቆመ። አዴ እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው ሻካራ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ጣለ፤ ደቂቃዎቹን አልቆጠርኳቸውም። ከዚያ ድምፁ ሳሳ፣ ዝናብ ሆነ፣ አሸንዳው መጉረፍ ጀመረ፣ ሙዚቃው እንደገና ተሰማ። ሰዉ አጨበጨበ። ለሙሽሮቹ መሰለኝ።

አሁን ቤት ነኝ።  ነገ ጠዋት ሄጄ እለካዋለሁ።